ቢላዋ ስትሠሩ ግለቱን በማግኔት ለዩ

ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ መሥራት ለጀመራችሁ፦ ብረቱ እንዲጠነክር ከእሳት አውጥቶ ዘይት ውስጥ ለመንከር ግለቱ መቼ እንደበቃው በዓይን መገመት ይከብዳል። በተለይ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ጠራራ ፀሐይ ቅላቱ በደንብ አይታይም። ጥላ ውስጥ ሥሩ።

ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡና ሽቦ ላይ እሰሩት። ወናፉን እየነፋችሁ፣ ብረቱን በየመሀሉ በጉጠት አውጥታችሁ ማግኔቱን ጠጋ አድርጉለት። ከሳበው ገና ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። ያኔ መልሳችሁ ጥቂት አግሉት። ቅላቱ ትንሽ ደመቅ ሲል ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ንከሩት። ውሃ እንዳትሞክሩ፣ ሊሰነጥቀው ይችላል። ዘይቱም እሳት ሊይዝ ስለሚችል የብረት ክዳን አጠገባችሁ ይኑር።

ለማይዝግ ብረት ግን ይህ ዘዴ አይሆንም፤ እሱ ከዚህ በጣም የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል።