የተጎዳ የሚመስል አሮጌ ሳንቲም፦ ለደረጃ ምርመራ መላክ ያዋጣል?

ጠርዙ የጎደለ፣ ፊደሉ የተደረበ ወይም ምስሉ ወደ አንድ ጎን የሸሸ አሮጌ ሳንቲም እጃችሁ ሲገባ «ስንት ያወጣል?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ፤ ይህ የደረሰበት ሲታተም ነው ወይስ ከታተመ በኋላ? ሲታተም ከሆነ የኅትመት ስህተት ነው፣ ሰብሳቢዎችም ይፈልጉታል። ከታተመ በኋላ ከሆነ ግን ጉዳት ነው፣ ዋጋውን ያወርደዋል። ሁለቱን የሚለየው ብረቱ ራሱ ነው፤ ሳንቲሙን ለደረጃ ምርመራ፣ ማለትም እውነተኛነቱንና ይዞታውን ገምግሞ ደረጃ ወደሚሰጥ ድርጅት ከመላካችሁ በፊት፣ አብዛኛውን ነገር እቤት ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል።

ከሁሉ በፊት አትጠቡት፣ አትወልውሉት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ፣ ደረቅ ጨርቅም ቢሆን አይንካው። ሳንቲም ሲታተም ብረቱ በግፊት እየፈሰሰ እጅግ ቀጫጭን መስመሮችን ይሠራል፤ ሳንቲሙን ስታዘነብሉት ብርሃኑ የሚዞረው በእነሱ ነው። አንዴ ከተፋቁ የሚመልሳቸው የለም፤ መርማሪውም ገና ሲያየው «ተጠርጓል» ብሎ ይጽፍበታል። ጎኑን በሁለት ጣት ይዛችሁ፣ ቢወድቅ እንዳይጎዳ ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፦ እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ካሊፐር (ስፋት የሚለካ መሣሪያ)፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር፣ ማግኔትና አንድ አምፖል።

መጀመሪያ መዝኑ። የሳንቲሙን ትክክለኛ ክብደትና ስፋት ከካታሎግ አውጡና ከእናንተው ጋር አስተያዩ። የአሜሪካ የነሐስ አንድ ሳንቲም 3.11 ግራም ነው፣ የተፈቀደለት ልዩነትም 0.13 ግራም ብቻ ነው። 2.6 ግራም ቢመዝን፣ ፊደሎቹም በሙሉ ቀጥነውና ደብዝዘው ቢታዩ አሲድ በልቶታል ማለት ነው፤ አሲድ ከሁሉም በኩል እኩል ስለሚበላ ሳንቲሙ ቅርጹን ሳይለቅ ይሳሳል። የ1943ቱ ደግሞ ከአረብ ብረት የተሠራና 2.70 ግራም የሚመዝን ነው። በዚያ ዓመት በስህተት በነሐስ የታተሙት ጥቂቶች ብዙ ስለሚፈለጉ የአረብ ብረቱን መዳብ የሚቀቡ አሉ፤ ማግኔት ካነሳው ነገሩ አብቅቷል።

ጠገራ ብር 28.07 ግራም ያህል ነው። ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ከሆነ ጎኑን በማጉያው ዙሩት፦ «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚለው ጽሑፍ አንድ ቦታ ላይ ተሞርዶ ጠፍቶ ወይም ግራጫ የብየዳ ቅሪት ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ይህ ጥርት ያለ ጉዳት ነው። ዓመቱም አያታልላችሁ፤ 1780 የሚለው ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች በታተሙትም ላይ ሁሉ አለ።

ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና አምፖሉን ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ማህተሙ፣ ማለትም ምስሉ ተገልብጦ የተቀረጸበት ጠንካራ ብረት፣ ሲሰነጠቅ ወይም ሲፋቅ ብረት ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በሳንቲሙ ላይ *ከፍ ያለ* መስመር ይወጣል። በሳንቲሙ ላይ በኋላ የደረሰ ጭረት ግን *ወደ ውስጥ* ይገባል፣ የተገፋው ብረትም በጭረቱ ዳርና ዳር እንደ ትልም ይቆለላል። ከፍ ያለው የማህተሙ ነው፣ የገባው የሳንቲሙ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከዚህ የሚወጣ አንድ ጉዳይ አለ፦ ጨርቅ፣ ክር ወይም ቅባት በማህተሙና በሳንቲሙ መካከል ገብቶ ሲታተም የሚቀረው ጉድጓድ ነው። እሱ ወደ ውስጥ ቢገባም በዳሩ የተቆለለ ብረት የለውም።

ጠርዙ ጨረቃ መስሎ የተቆረጠ ሲሆን ቁራጩን ትታችሁ ትይዩውን ጠርዝ እዩ። ሳንቲም የሚሆነው ክብ ከብረት ዝርግ ሲቆረጥ ቀድሞ ከተቆረጠ ቀዳዳ ጋር ተደራርቦ ከነበረ፣ ጠርዝ የሚያወጣው ማሽን በጎደለው በኩል የሚገፋው ስለማያገኝ በትይዩም ጠርዙ ይሳሳል ወይም ይጠፋል። ከቁራጩ አጠገብ ያሉ ፊደሎችም ወደ ጎደለው በኩል ተስበው ይደበዝዛሉ። በመቀስ ወይም በሞረድ የጎደለ ሳንቲም ይህ የለውም፦ ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ነው፣ ፊደሉም እስከ ቁርጡ ድረስ ጥርት ብሎ መጥቶ ድንገት ይቆማል።

የተደረበ ፊደልም ብዙ ሰው ያሳስታል። በ1955ቱ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ዝነኛ ድርብ ላይ ማህተሙ ራሱ ሁለት ጊዜ ስለተቀረጸ ሁለቱም ፊደል ክብ ብሎ፣ ሙሉ ከፍታ ይዞ፣ ጫፉ ተሰንጥቆ ይታያል። ማህተሙ ሲነሳ ተንሸራቶ የሚፈጥረው ድርብ ግን ጠፍጣፋ ደረጃ ይመስላል፣ ዋናውንም ፊደል ያቀጥነዋል። ሁለተኛው በጣም የተለመደ ስለሆነ ለምርመራ ክፍያ አይበቃም።

የተገለበጠ ጽሑፍ ወደ ውስጥ ገብቶበት ከሆነ ሥሩ የነበረውን ምስል ተመልከቱ። ሁለት ሳንቲሞች በሞርሳ ተጨምቀው ከሆነ የመጀመሪያው ምስል ተጨፍልቆ ከሥር ይቀራል። በማተሚያው ውስጥ ሌላ ሳንቲም ማህተሙ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ከሆነ ግን በዚያ ፊት የራሱ ምስል ፈጽሞ አይኖርም። ስፋቱ አንሶ ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በልብስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ሲንከባለል የከረመ ነው፤ ተዉት።

ጉዳት ሁሉ ግን የሚጣል አይደለም። ከ1873 ጀምሮ ለእስያ ንግድ በታተመው የአሜሪካ የንግድ ዶላር ላይ የቻይና ነጋዴዎች ብሩን ፈትነው የመቱት ምልክት ራሱን ችሎ ይሰበሰባል፤ ደረጃ አውጪዎችም ይቀበሉታል።

እስከዚህ ደርሶ የኅትመት ስህተት መሆኑን ካመናችሁ ወደ ሂሳቡ ግቡ። ሁለቱ የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅቶች፣ ፒሲጂኤስ ከ1986፣ ኤንጂሲ ከ1987 ጀምሮ ለሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጋሉ። ወጪው የምርመራው ክፍያ ብቻ አይደለም፦ ስህተቱን ለማጻፍ ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ የመላኪያና የመመለሻ ፖስታ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። ይህን ሁሉ ደምሩ። ከዚያ ተመሳሳይ ስህተት፣ በተመሳሳይ ደረጃ፣ ታሽጎ *የተሸጠበትን* ዋጋ ፈልጉ፤ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን። ከዚያ ላይ ሳይታሸግ አሁን ሊያወጣ የሚችለውን ቀንሱ። የሚቀረው ልዩነት ከወጪው ሦስት እጥፍ ካልበለጠ ባትልኩት ይሻላል እንላለን፤ መርማሪው ከጠበቃችሁት አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ቢያደርገው ትርፉ ይጠፋልና።

ስህተቱ እውነተኛ ሆኖ በኋላ የተጠረገ ወይም የተቧጨረ ከሆነ ቁጥር አይሰጠውም፤ እውነተኛ መሆኑና ጉዳቱ ይጻፍበታል። ገዢም ለእንዲህ ያለው የሚከፍለው ያነሰ ስለሆነ ሂሳቡን በዚያኛው ዋጋ ሥሩት። ስህተቱ ብርቅ ከሆነ ግን እንዲህም ሆኖ ያዋጣል፤ እውነተኛነቱ መረጋገጡ ብቻውን ገዢ ያመጣል።

ከላካችሁ ማመልከቻው ላይ የስህተት ምርመራ የሚለውን ምልክት አድርጉና ስህተቱ የት እንዳለ በአንድ መስመር ጻፉ፤ ካልጠየቃችሁ እንደ ተራ ሳንቲም ደረጃ ወጥቶለት ሊመለስ ይችላል። ሁለቱንም ፊትና ጎኑን ፎቶ አንሱ፣ ክብደቱን መዝግቡ። የምታስገቡበት ከረጢት ማይላር ከሚባለው ደረቅ ግልጽ ፕላስቲክ ይሁን፤ ለስላሳው ፒቪሲ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር እየለቀቀ ብረቱን ይበላል። በሁለት ካርቶን መካከል አጥብቁት፣ ሲያንቀሳቅሱት ድምፅ እንዳይሰማ።