ከቮልቱ በፊት አይዲው፦ ኤዲሲ ቦርድን በቤር-ሜታል ፈርምዌር ማስነሳት

ለመመረቂያ ፕሮጀክት ኤዲሲ (ቮልትን ወደ ቁጥር የሚቀይር ቺፕ) ያለበት ቦርድ ይዘው ጎንደር ማራኪ ወዳለችው ክፍሌ የሚመጡ ተማሪዎች ቅሬታቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ ይዘላል።» እኔም የምጠይቃቸው አንድ ነው፦ «አይዲው ስንት መጣ?» አይዲ ቺፑ ማንነቱን የሚናገርበት ቋሚ ቁጥር ነው። አብዛኞቹ አላነበቡትም። የአምራቹን ላይብረሪ ጭነው በቀጥታ ወደ ቮልት ገብተዋል። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ያለ ላይብረሪ በሚሠራ ፕሮግራም (ቤር-ሜታል ፈርምዌር) አይዲውን ማንበብ፣ ቮልቱ ከዚያ በኋላ። ምሳሌዬ ኤዲ7124-8 የተባለው ባለ 24 ቢት ኤዲሲ ያለበት ቦርድና ኑክሊዮ ኤፍ446አርኢ የተባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ናቸው።

ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት ቮልቴጁን እዩ። ቺፑ የሚሠራው እስከ 3.6 ቮልት ብቻ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ 5 ቮልት ስለሚያወጣ በቀጥታ አታገናኙት፤ ቢቃጠል ፒያሳ ወርዳችሁ ምትክ የምትገዙለት ዕቃ አይደለም። ኑክሊዮው 3.3 ስለሆነ ይስማማል። ሁለቱ የሚነጋገሩት ኤስፒአይ በተባለው ባለ አራት ገመድ መስመር ነው። በኑክሊዮው በኩል ክሎኩን ፒኤ5 ላይ፣ ከኤዲሲው የሚወጣውን ዳታ ፒኤ6 ላይ፣ ወደ ኤዲሲው የሚገባውን ፒኤ7 ላይ፣ ቺፕ ሰሌክቱን ፒቢ6 ላይ አድርጉ። የሁለቱን ቦርዶች ግራውንድም አገናኙ።

ላፕቶፑ ላይ የአርም ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ)፣ ሜክ እና ኦፕንኦሲዲ (ፕሮግራሙን ቦርዱ ላይ የሚጭነው) ይበቃሉ። ኮምፓይለሩ ከባድ ስለሆነ ኔትወርክ በሚሻልበት ሌሊት አንዳችሁ አውርዱና በፍላሽ ተካፈሉት።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስለሌለ ሜይን ከመጠራቱ በፊት ያለው ሥራ የእናንተ ነው። ለሊንከሩ (ኮዱን ሚሞሪ ላይ ቦታ ቦታ ለሚያስይዘው ፕሮግራም) የኑክሊዮው ፍላሽ ከሄክስ (በ16 መሠረት ከተጻፈ ቁጥር) 08000000 ጀምሮ 512 ኪሎባይት፣ ራሙ ከሄክስ 20000000 ጀምሮ 128 ኪሎባይት መሆኑን ንገሩት። የቬክተር ሰንጠረዡ (ፕሮሰሰሩ ሲነሳ የሚያነበው የአድራሻ ዝርዝር) የመጀመሪያ ቦታ የስታኩን ጫፍ፣ ሁለተኛው የሪሴት ፈንክሽኑን አድራሻ ይይዛል። ሪሴቱ መነሻ ዋጋ ያላቸውን ቫሪያብሎች ከፍላሽ ወደ ራም ይቀዳል፣ የቀሩትን ዜሮ ያደርጋል፣ ከዚያ ሜይንን ይጠራል። ክሎክ ለማፋጠን አትድከሙ፤ ፕሮሰሰሩ ሲነሳ ያለው 16 ሜጋኸርዝ ይተርፋል። በዩሳርት2 (በኑክሊዮው ሲሪያል መስመር) አንድ መስመር ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ሳታዩ ወደ ኤስፒአይ አትለፉ።

ኤስፒአዩ ሞድ 3 (ክሎኩ ሥራ በሌለበት 1 ላይ የሚቆይበት) ይሁን። ክሎኩን ለ16 አካፍሉት፣ 1 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ የቺፑ ጣሪያ 5 ነው። ኤስኤስኤም እና ኤስኤስአይ የተባሉትን ሁለት ቢቶች 1 ካላደረጋችሁ ኤስፒአዩ ማስተርነቱን ትቶ ዝም ይላል። ፒኤ5 የኑክሊዮውን አረንጓዴ መብራትም ስለሚነዳ፣ ሞድ 3 ከተስተካከለና ኤስፒአዩ ከበራ መብራቱ ሥራ በሌለበትም በርቶ ይቆያል። ኦስሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው ጥሩ ምስክር ነው።

አሁን ወደ አይዲው። ቢቶቹ ሁሉ 1 የሆኑ 8 ባይቶች በተከታታይ ላኩ፤ ቺፑ በዚህ ሪሴት ይሆናል። ጥቂት ሚሊሰከንድ ጠብቁና ሄክስ 45 ልካችሁ አንድ ባይት ተቀበሉ፤ ከዚህ በኋላ የምትልኩት፣ የምትጽፉት፣ የአይዲውና የሬጅስተር ቁጥር ሁሉ ሄክስ ነው። 14፣ ቢ ግሬድ በተባለው የቺፑ ዓይነት ደግሞ 16 መምጣት አለበት። ዜሮ ወይም ሁሉም 1 ከመጣ ችግሩ ገመድ ወይም ፓወር ነው። በ14 ፈንታ 28 ከመጣ ቢቶቹ በአንድ ተገፍተዋል፤ ሞዱን እዩ። ደጋግማችሁ ስታነቡ ቁጥሩ ሳይለወጥ ካልመጣ እዚሁ ቆዩ። የቮልት ንባብ ሲበላሽ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የአይዲው መልስ ግን ትክክል ነው ወይም አይደለም፣ መሃል የለውም።

ቀጥሎ ሬጅስተር (የቺፑ ማስተካከያ ቦታ) 01 ላይ 0180 ጻፉ፦ የውስጥ ሪፈረንሱን (ቺፑ ግብዓቱን የሚያወዳድርበትን ቮልቴጅ) ያበራል፣ ቺፑንም ወደ ሙሉ ፓወር ይወስዳል። ሬጅስተር 19 ላይ 0810፦ ባይፖላር (ከዜሮ በላይም በታችም የሚለካ)፣ ጌይን 1 (ያለ ማጉላት)፣ የውስጥ 2.5 ቮልት ሪፈረንስ፣ በፈሮች (ግብዓቱን የሚያግዙ ማጉያዎች) የጠፉ። በፈሮቹን የማጠፋው በምክንያት ነው። ሲበሩ ግብዓቱ ከግራውንድ ቢያንስ 100 ሚሊቮልት ከፍ ማለት አለበት፤ እኛ ደግሞ አንዱን እግር ግራውንድ ላይ ልናስር ነው። ቻናል 0 ከሪሴት በኋላ ራሱ ክፍት ስለሆነ አትንኩት።

የቻናል 0ን ሁለቱንም ግብዓቶች ግራውንድ ላይ እሰሩ። 40 ልካችሁ ስታተሱን አንብቡ፤ ቢት 7 ዜሮ ሲሆን (አዲስ ንባብ ደርሷል ማለት ነው) 42 ልካችሁ ሦስት ባይት ውሰዱ። ቁጥሩ 8388608 አካባቢ ይሆናል፣ ዜሮ ቮልት ማለት ነው። ከዚያ ፖዘቲቩን ግብዓት ከግራውንድ ፍቱና ከባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቭ ጋር አገናኙት፤ ነጌቲቩ ግብዓትና የባትሪው ነጌቲቭ ግራውንድ ላይ ይሁኑ። 1.5 ቮልት ወደ 13421773 ይሰጣል። ወደ ማይክሮቮልት ለመቀየር 8388608 ቀንሱ፣ በ2500000 አባዙ፣ መልሳችሁ ለ8388608 አካፍሉ፤ ማባዛቱ 32 ቢት ውስጥ ስለማይገባ 64 ቢት ተጠቀሙ።

ቁጥሩ የሚዘለው እዚህ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና በላፕቶፑ ባትሪ ብቻ ሞክሩ። በብዙ ቤት ሶኬቱ የመሬት (ኧርዝ) መስመር የለውም። የቺፑ ፊልተር (ጩኸት ማጣሪያ) በመነሻው ሲንክ4 የተባለው ዓይነት፣ ከማካፈያ ቁጥር 384 ጋር ነው፤ በሙሉ ፓወር ይህ በሰከንድ 50 ንባብ ይሰጣል፣ የመብራታችንን 50 ኸርዝ ጩኸትም ይገድላል። ቺፑ ሲነሳ ግን ዝቅተኛ ፓወር ላይ ነው፣ ንባቡም በሰከንድ 6.25 ብቻ ይሆናል። «ቀርፋፋ ነው» የሚሉኝ ሬጅስተር 01ን ያልነኩት ናቸው።

ይህን ካለፋችሁ ኖ-ኦኤስ የተባለውን የአምራቹን ላይብረሪ ብታስገቡ አልከለክልም፤ ቻናል ሲበዛ ይጠቅማል። ንባቡ ከተለየ 01 እና 19ን አንብቡና ከ0180 እና ከ0810 ጋር አስተያዩ፤ ላይብረሪው የራሱን መነሻ ዋጋ ጽፎባቸው ይሆናል።