የዕቃ ጫኝ እንፋሎት ባቡር ሞዴል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ሞዴል ባቡር አርጅቶ ከሚበላሸው ይልቅ ባለቤቱ ሲያሳምረው የሚበላሸው ይበዛል። ምሳሌ እንዲሆነን 9ኤፍ የሚባለውን የብሪታንያ ዕቃ ጫኝ እንፋሎት ባቡር እንውሰድ። ከ1954 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በክሩና በስዊንደን ፋብሪካዎች 251 ያህሉ ተሠርተዋል፤ ከባድ ፉርጎ እንዲጎትቱ ተብለው አሥር ትልልቅ ጎማ የተገጠመላቸው ናቸው። በ1፡76 መጠን፣ በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሄደው ሞዴላቸው በብዙ ሰው እጅ ይገኛል።

ሳይፈትኑ፣ ያገለገለ እንዲመስል ብሎ ቀለም መንካት። አንዴ ቀለም ያረፈበትን ሞዴል ሱቁ አይቀበልም፤ ጉድለት ካለው መታወቅ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። ያለ ፉርጎ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ፊት ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ አስኪዱት። ቀጥሎ 438 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩት፤ በመጨረሻ ፉርጎ ቀጥሉበት። ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ብቻውን ሲሮጥ አይቶ «ግሩም ነው» ማለት ግምገማ አይባልም። ዕቃ ጫኝ የሚፈተነው ጭኖ፣ ቀስ ብሎ ሲሄድ ነው። እውነተኛው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ ሞዴሉ አንድ ሜትር ለመጨረስ 7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ፍጥነት ሳይንገጫገጭ መሄድ አለበት። ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ አንዴ ከያዘው፣ ጎማዎቹን የሚያያይዙት የብረት ክንዶች ጠብቀዋል፣ አለዚያ የአንዱ አክስል ጎማ ከ90 ዲግሪ አቀማመጡ ፈቀቅ ብሏል። አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ ነው፤ ሐዲዱን ወይም ጎማውን አጽዱ።

ትክክል የሆነውን ጉድለት ማለት። የ9ኤፍ መካከለኛ ጎማዎች ሐዲዱን የሚይዘው ጠርዝ የላቸውም። ፋብሪካው ረስቶት አይደለም፤ አሥሩ ጎማ ኩርባ ላይ እንዳይጨናነቅ እውነተኛው ራሱ እንደዚያ ተሠርቷል። በአንጻሩ ገምጋሚዎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ በአንድ አክስል ላይ ባሉ ሁለት ጎማዎች የውስጥ ፊት መካከል ያለው ርቀት። በካሊፐር (ጥቃቅን ርቀት መለኪያ) ለኩት፤ ከ14.4 እስከ 14.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከጠበበ ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት መለያያ ላይ ይነክስና ከሐዲዱ ይወጣል፤ ሰዉም መለያያውን ይረግማል።

ሁሉን ነገር ዝገት ማልበስ። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። በሥራ ላይ ያለ እንፋሎት ባቡር ከዝገቱ ይልቅ ጥላሸቱና ቅባቱ ይበዛል። ዝገት የሚታየው ሙቀት ቀለሙን በበላበት ቦታ ነው፤ በተለይ በጭስ ማውጫው ሥር ባለው የፊት ክፍል። የቦይለሩ ጀርባ ጥላሸት ነው። በባቡሩ ጎን ካለው መረማመጃ በታች ያለው ደግሞ የፍሬን ብናኝና የመንገድ አቧራ ነው፤ ደብዛዛ ቡናማ። ክንዶቹ ዘይት የጠጣ ግራጫ ናቸው። ሰው የሚዘነጋው የኖራውን ነጭ መስመር ነው። ቦይለሩን ለማጠብ የሚከፈቱት ቡሾች በእሳት ሳጥኑ ትከሻ ላይ ናቸው፤ ከነሱ የሚያፈስ ውሃ ሲደርቅ ጎኑ ላይ ቀጭን ነጭ ፈለግ ትቶ ይወርዳል። በጣም ቀጭን ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል።

ንጹሕ ጥቁርም አትጠቀሙ፤ በዚህ መጠን ላይ ቅርጹን ይውጠዋል። ጥቁር ግራጫ ላይ ትንሽ ቡናማ ጨምሩ።

ከመቀባታችሁ በፊት የሞዴላችሁን ቁጥር ተመልከቱ። ከ92060 እስከ 92066፣ ከ92097 እስከ 92099 ያሉት በሰሜን እንግሊዝ ከታይን ዶክ ወደብ ወደ ኮንሴት ብረት ፋብሪካ የብረት ማዕድን የሚያመላልሱ፣ የፉርጎ በር ለመክፈት የአየር ፓምፕ የተገጠመላቸው ነበሩ። ለነሱ ቀይ ቡናማ የማዕድን ብናኝ ያምርባቸዋል፤ ለሌሎቹ ምክንያት የለውም።

ጎማውን አቁሞ መቀባት። ከክንዱ ጀርባ ያለው ጎማ ሳይነካ ይቀርና ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ያጋልጣችኋል። በሁለት ሽቦ ኤሌክትሪክ ስጡትና ቀስ እያለ እየዞረ በኤርብራሽ (ቀለም በአየር መንፊያ) ንፉት፤ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከ1 እስከ 1.4 ባር ግፊት። ሐዲዱን የሚነካውን ፊት ቀለሙ ሳይደርቅ ጥረጉ። በብዙ ሞዴሎች ኤሌክትሪክ የሚቀበሉት የመዳብ ምላሶች የሚያርፉት በጎማው ጀርባ ላይ ስለሆነ እዚያም የገባውን አጽዱ። የሾፌሩን መስኮት ቀድማችሁ ሸፍኑ፤ ማት (የማያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ካገኘው ጭጋግ ይሆናል።

የዱቄት ቀለም በሚያብረቀርቅ ገላ ላይ። አይዝም። መጀመሪያ ገላውን ከሞተሩ ለይታችሁ በለብታ ውሃና በአንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና እጠቡ፤ አልኮል የታተመውን ቁጥር ሊያነሳው ይችላል። ሲደርቅ ማት ቫርኒሽ፣ ከዚያ ዱቄቱ። ዱቄቱ ላይ እንደገና ቫርኒሽ ከነፋችሁ ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወይ አብዝታችሁ ጀምሩ፣ ወይ ሳትነፉ ተዉትና በእጅ አትንኩት።

ዘይት ማብዛት። በመርፌ ጫፍ የምትንጠለጠል ጠብታ ለአንድ ቦታ በቂ ናት፦ ለአክስሉ መቀመጫ፣ ለክንዱ ፒን፣ ለሞተሩ ዘንግ ጫፍ። ለማርሹ ደግሞ ፕላስቲክ የማይጎዳ ግሪስ፣ በጥቂቱ። የተረፈው ዘይት ወደ ሞተሩ ውስጥ ይሄድና ከካርቦኑ ብናኝ ጋር ተላቁጦ ሾርት ያደርገዋል። የዛገ ብሎን ማስለቀቂያ ስፕሬይ ጭራሽ አታስጠጉ። ምንጣፍ ላይ ባቡር የሚያስኬድ ሰው ደግሞ ዘይት ከመጨመሩ በፊት በወረንጦ ከአክስሉ ላይ የተጠመጠመውን ክር ቢያወጣ ይሻለዋል።

ጎማ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ጭረቱ ቆሻሻ ይይዛል፤ በሳምንቱ ካለፈው የባሰ ይሆናል። ሶፍት በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሳችሁ በሐዲዱ ላይ አንጥፉ። የባቡሩን ግማሽ ጎማ ሶፍቱ ላይ፣ ግማሹን ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ንጹሕ ሐዲድ ላይ አድርጋችሁ፣ በእጅ ይዛችሁ አሽከርክሩት። ጥቁር መስመር ትቶ ይወጣል። ሶፍቱን እየቀየራችሁ መስመሩ እስኪጠፋ ድገሙት፤ ከዚያ ባቡሩን ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ ቀሪዎቹን።