ስለ ኮሞሮስ ኢኮኖሚ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብዙዎቻችን ኮሞሮስን የምናውቃት በ1996 ተጠልፎ ባሕሯ ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ኢኮኖሚዋ ሲነሳ ግን የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ።

መፈንቅለ መንግሥት ቆጥሮ "አይሆንላትም" ማለት። በ1975 ከፈረንሳይ ነፃ ከወጣች ወዲህ የተሳካውም የከሸፈውም ሲደመር 20 ያህል ሆኗል። ዋናው ጥያቄ ግን ለምን የሚለው ነው። በ1997 አንጁዋንና ሞሄሊ የተባሉት ደሴቶቿ ሲያምፁ ሥልጣኑም ገንዘቡም ዋና ከተማዋ ሞሮኒ ቀረ ብለው ነበር። ወደ ፈረንሳይ እንመለስ እስከማለት ደርሰዋል። በ2001 ፕሬዚዳንትነቱ በደሴቶቹ መካከል በተራ እንዲዞር ሲደረግ ነገሩ ቀስ በቀስ ረገበ። የ2018ቱ ሕዝበ ውሳኔ ይህን አሠራር ቀየረው፤ ፕሬዚዳንት አዛሊ አሱማኒም እስከ ዛሬ ሥልጣን ላይ ናቸው። በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ተራዬ ይደርሳል ብሎ የሚጠብቅ ደሴት ተስፋ ሲቆርጥ ኢንቨስትመንትም አብሮ ይሸሻል።

ቫኒላ፣ ቅርንፉድና ያላንግ ያላንግ ብቻቸውን አገሪቱን ያቆማሉ ብሎ ማሰብ። አንጁዋን ላይ የያላንግ ያላንግን ቢጫ አበባ ሴቶች በማለዳ ይለቅማሉ። አበባው ሳይጠወልግ ወዲያው እሳት ላይ ተጥዶ ዘይቱ ይወጣል፤ ዘይቱም ለሽቶ ፋብሪካዎች ይላካል። እሳቱ ግን ማገዶ ይበላል። ደኑ ሲመነጠር ወንዞቹ እየደረቁ ነው። ምድጃውን ሳያሻሽሉ ምርት ጨምሩ ማለት ገበሬውን ውኃ ማሳጣት ነው።

ከውጭ የሚላከውን ገንዘብ መርሳት። ማርሴይና ሌሎች የፈረንሳይ ከተሞች ያሉ ኮሞሮሳውያን የሚልኩት ገንዘብ ስንቱን ቤተሰብ ያኖራል። ብዙው ለቤት መሥሪያና ለትልቁ ባህላዊ ሠርግ ይውላል። ባክኗል ማለት ግን ይከብዳል፤ እዚያ ሠርጉ ማኅበራዊ ክብር ነው።

አቋራጭ ገንዘብ ማመን። በ2008 በወጣ ሕግ በባሕረ ሰላጤው ለሚኖሩ አገር አልባ ሰዎች ዜግነት ተሸጠ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት አህመድ አብደላ ሳምቢ በዚሁ ጉዳይ በ2022 ይግባኝ በሌለው ችሎት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

የመጨረሻው፣ በ2024 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆናለችና ንግዱ ይፈታል ማለት። የሞሮኒ ወደብ ጥልቀት ስለሌለው ትልልቅ መርከቦች ርቀው ይቆማሉ፤ ዕቃው በትናንሽ ጀልባዎች ተመላልሶ ይራገፋል። የዚህን ወጪ ሩዝ ገዢው ይከፍላል።