የኤችአይቪን የገጽ ፕሮቲን ለውጥ ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤችአይቪ ሲባዛ ይሳሳታል፤ ስህተቱንም አያርምም። አዲስ ትውልድ በ2 ቀን ገደማ ስለሚተካ፣ ጂፒ120 የሚባለው የገጽ ፕሮቲኑ ከፀረ እንግዳ አካላት ጋር ድብብቆሽ እየተጫወተ መልኩን ይለውጣል። ይህን ለውጥ ከአንድ ታካሚ በተለያየ ጊዜ ከተቀዳ ደም ለማንበብ ሲሞከር፣ ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዘረመል አንባቢው ማሽን ዘንድ ሳይደርስ ነው።

በጣም የሚያስቆጨው የቀን ስህተት ነው። ካርድ ላይ ጥር 10 ቀን 2012 የተባለው በፈረንጆች ጃንዋሪ 19 ቀን 2020 ነው። ይህ በትክክል ተቀይሮ ገብቶ፣ ከ6 ወር በኋላ የተቀዳው የሐምሌ 10 ናሙና ግን እንዳለ 10/11/2012 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ኮምፒውተሩ ኖቬምበር ብሎ ያነበዋል። ሁለተኛው ናሙና ከመጀመሪያው 7 ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያም አይመጣም፤ ኮምፒውተሩ የሚጮኸው 13ኛ ወር ሲያይ፣ ጳጉሜን ላይ፣ ወይም ጥቅምት 30 ፌብሩዋሪ 30 ሲሆንበት ብቻ ነው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት የተቀዳ ደም፣ ፈሳሽ ክፍሉ (ፕላዝማው) ከሴሎቹ የተለየው የማሽኑ ሰዓት 15:00 ሲል ከሆነ፣ የዘገየው 6 ሰዓት እንጂ 12 አይደለም። ሁለቱንም አቆጣጠር በሁለት ዓምድ ይጻፉ።

ቱቦው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ያለበት፣ ባለሐምራዊ ክዳኑ ይሁን፤ ሌላው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር፣ ሄፓሪን፣ ዘረመልን የሚያባዛውን ፒሲአር ያግዳል። ከባቲ ሙቀት ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚደርስ ደም በ6 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው ቢለይ ይመረጣል። «እንዳይበላሽ» ተብሎ ሳይለይ ፍሪዘር ውስጥ መክተት ግን ከመዘግየት ይብሳል፦ ሴሎቹ ይፈነዱና በውስጣቸው የተቀበረው የቆየ ዘረመል ከፕላዝማው ቫይረስ ጋር ይደባለቃል። የተለየው ፕላዝማ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ በ-80 ዲግሪ ይቀመጥ።

የቫይረሶቹን ዘረመል ሁሉ በአንድ ቱቦ አባዝቶ ማንበብ ሌላው ጥፋት ነው። በአንድ ሰው ደም ውስጥ ያለው መንጋ ነው። አንድ ላይ ሲባዛ ፒሲአሩ የአንዱን ራስ ከሌላው ጅራት ይቀጥልና ታካሚው ውስጥ ኖሮ የማያውቅ ቫይረስ ይወለዳል። መፍትሔው ሲዲኤንኤውን (ከቫይረሱ አርኤንኤ የተገለበጠውን ዲኤንኤ) ማቅጠን ነው፤ ባለ96 ጉድጓድ ሳህን ላይ ፖዘቲቭ የሚሆኑት፣ ማለትም ዘረመል የተባዛባቸው፣ ከ28 እስከማይበልጡ ድረስ። ያኔ ከፖዘቲቮቹ 80 በመቶ ያህሉ ከአንዲት ቅጂ የተነሡ ይሆናሉ። በንባቡ ግራፍ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጫፍ (ሁለት ፊደል በአንድ ጊዜ) ያሳዩትን ይጣሉ።

ስንት ቅጂ ይበቃል? 20 ቢነበብ፣ ከመንጋው 15 በመቶ የሆነ ዘር የመታየት ዕድሉ 96 በመቶ ነው፤ 5 በመቶ የሆነው ግን 64 ብቻ። ስለዚህ «ይህ ዝርያ ጠፋ» ለማለት አይቸኩሉ። ዘመናዊ ማሽን ሺህ ጊዜ ማንበቡም አያታልል። ቱቦው ውስጥ የገቡት 10 ቅጂዎች ከነበሩ፣ የተነበቡት እነዚያው 10 ናቸው።

መድኃኒት በአግባቡ በሚወስድ ሰው ፕላዝማ ውስጥ የሚነበብ ቫይረስ ስለሚጠፋ ወደ ሴሎቹ መዞር ይመጣል። እዚያ የሚገኘው ግን መዝገብ ቤት ነው፤ ዛሬ የተጻፈም ከዓመታት በፊት የተጻፈም አብሮ ተከምሯል። አንዳንዱም ሰውነት ራሱ የቦጫጨቀው ነው፦ ጂ የነበረው የዘረመል ፊደል ወደ ኤ እየተለወጠ፣ ቲጂጂ «አቁም» የሚል ትርጉም ያለው ቲኤጂ ሲሆን ፕሮቲኑ መሐል ላይ ይቋረጣል። ይህን እንደ ዝግመተ ለውጥ መቁጠር የለውጡን ፍጥነት ያጋንናል።

በአገራችን የሚበዛው ዝርያ ሲ ነው። የቦታ ቁጥር የሚሰጠው ኤችኤክስቢ2 የተባለው መመሳከሪያ ቫይረስ ግን ዝርያ ቢ ስለሆነ ለቁጥር ብቻ ይጠቀሙበት፤ ንጽጽሩ ከሲ ጋር ይሁን። ቪ1 እና ቪ2 የሚባሉት የጂፒ120 ክፍሎች ርዝመታቸው ስለሚለዋወጥ፣ ቅጂዎቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ አሰላለፉ በሦስት በሦስት የዘረመል ፊደል መጠበቅ አለበት፤ ኮምፒውተሩ የደረደረውን በዐይን ሳያዩ አይለፉ።

ፕሮቲኑን የሚሸፍኑትን ስኳሮች ደምሮ ብቻ ማለፍም ያሳስታል። በዝርያ ሲ 334ኛው ቦታ ላይ የነበረ ስኳር ፀረ እንግዳ አካል ሲያስጨንቀው ወደ 332 መዛወሩ ታይቷል። ድምሩ ያው ነው፤ ማምለጡ ግን የተፈጸመው እዚያች ላይ ነው። በቦታ በቦታ ይመዝገቡ።

ለታካሚ ሲነገር ደግሞ «ቫይረስዎ ተቀይሯል» ብሎ ማስደንገጥ አይገባም። የኤችአይቪ መድኃኒቶቹ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሚይዙት ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የተባለውን የቫይረሱን ኢንዛይም ነው፤ ዶሉቴግራቪር ኢንቴግሬዝ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም። የጂፒ120 መቀያየር ብቻውን ኪኒኑን ለማስቀየር ምክንያት አይሆንም።