ቁጥሩ ጥቂት፣ ፋይሉ ትልቅ፦ ዳታን በስፓርስ ዲክሽነሪ ሲያምቁ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ዳታው ወደ ትናንሽ ቁራጮች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ከራሱ ከዳታው በተማረ ዲክሽነሪ (የመሠረታዊ ቅርጾች ስብስብ) ውስጥ ባሉ ጥቂት አቶሞች፣ ማለትም ቅርጾች፣ ድምር ይተካል፤ ስፓርስ የሚባለውም ጥቂቶቹ ብቻ ስለሚሠሩ ነው። የሚቀመጠው የአቶሞቹ መለያ ቁጥርና ኮፊሸንታቸው (እያንዳንዱ አቶም የሚባዛበት ቁጥር) ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ 8 በ8 ፒክሰል የሆነ ቁራጭ (64 ቁጥር) እና 256 አቶም ይዞ የተሠራ ነው።

ምልክት፦ በየቁራጩ 4 አቶም ብቻ ቀርቷል፣ ፋይሉ ግን አላነሰም

ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ዜሮ ያልሆኑት ቁጥሮች ጥቂት ቢሆኑም የትኞቹ እንደሆኑ መናገር ራሱ ቢት ይበላል። ከ256 አቶም አንዱን ለመጥቀስ 8 ቢት ያስፈልጋል። ኮፊሸንቱ በ32 ቢት ከተቀመጠ 4 × (8 + 32) = 160፤ አስቀድሞ ተቀንሶ ለብቻው ለሚቀመጠው የቁራጩ አማካይ 8 ሲጨመር 168 ቢት፣ ማለትም በፒክሰል 2.6 ቢት ይሆናል። ኮፊሸንቱን ወደ 7 ቢት አውርዱት፤ ድምሩ 68፣ በፒክሰል 1.06 ገደማ ይሆናል። አልጎሪዝም ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ስሌት በወረቀት ሥሩ።

ሌላም ትርፍ አለ። የአቶሞቹ ቅደም ተከተል ለድምሩ ለውጥ ስለማያመጣ መለያ ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና እንደ አንድ ስብስብ ጻፏቸው፤ 32 የነበረው ቢት ወደ 28 ይወርዳል። በየቁራጩ ያለው የአቶም ብዛት የሚለያይ ከሆነ ግን ብዛቱንም መጻፍ እንዳትረሱ፤ ከ0 እስከ 7 ላለው 3 ቢት ይበቃል።

ዲክሽነሪውን ወደ 512 ማሳደግ ያጓጓል። አንድ አቶም ከ15 ወደ 16 ቢት ስለሚወጣ የሚያዋጣው አማካዩ የአቶም ብዛት ከ4 ወደ 3.75 በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

የዲክሽነሪውም ክብደት ይቆጠራል። 256 × 64 = 16,384 ቁጥር፣ በ4 ባይት 64 ኪሎባይት ነው። 512 በ512 የሆነ ባለ 8 ቢት ምስል ሳይታመቅ 256 ኪሎባይት ስለሆነ፣ ለአንድ ምስል ብቻ ተምሮ አብሮ የሚላክ ዲክሽነሪ ሩቡን ይወስዳል። በተመሳሳይ ዓይነት ብዙ ምስሎች አንዴ አሠልጥኑና በላኪውም በተቀባዩም ዘንድ አስቀምጡት። የግድ መላክ ካለበት እያንዳንዱን ቁጥር በ8 ቢት አድርጉት፤ ምስሉን የምታምቁትም በዚያው በተጠጋጋው ዲክሽነሪ ይሁን እንጂ በዋናው አይሁን። አለበለዚያ ተቀባዩ የሚያወጣው ምስል እናንተ ከለካችሁት ይለያል።

ምልክት፦ ሥልጠናው ቆሟል፣ ብዙ አቶሞች አይነኩም ወይም መንታ ሆነዋል

በመጀመሪያ የምትፈትሹት ከእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አማካዩ መቀነሱን ነው። አማካዩ ካልተነሳ አብዛኛው አቶም የብርሃን መጠንን ለመግለጽ ይባክናል። ቀጥሎ እያንዳንዱ አቶም ርዝመቱ 1 መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ኦኤምፒ (ለቁራጩ አቶሞችን አንድ በአንድ የሚመርጠው ስልት) ምርጫውን ለረጅሙ ያዳላል። ሦስተኛው ጠፍጣፋ ቁራጭ ነው፦ ሰማይ ወይም ባዶ ዳራ የሞላበት ዳታ ሥልጠናውን ይቆጣጠረዋል፤ ልዩነታቸው ከጫጫታው መጠን ያልበለጠ ቁራጮችን ከሥልጠናው አውጡ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በ2006 አሃሮን፣ ኤላድና ብሩክስታይን ባሳተሙት ኬ-ኤስቪዲ በተባለው የዲክሽነሪ ማሠልጠኛ ስልት ውስጥ አንዳንድ አቶም ይሞታል። ከየዙሩ በኋላ ማንም ያልተጠቀመበትን አቶም በጣም በከፋ ሁኔታ በተወከለው ቁራጭ ተኩት። የሁለት አቶሞች ዶት ፕሮዳክት (የመመሳሰላቸው መለኪያ) በፍጹም ዋጋው ከ0.99 በላይ ከሆነም አንዱን እንዲሁ ተኩ።

ምልክት፦ ሦስተኛ አቅጣጫ ሲጨመር ማሽኑ ይንፏቀቃል

ሦስተኛው አቅጣጫ በቪዲዮ ጊዜ፣ በስፔክትራል ዳታ (አንድን ቦታ በብዙ የብርሃን ሞገድ ባንዶች በሚቀርጽ ምስል) ደግሞ ባንድ ነው። 8 በ8 በ8 የሆነ ቁራጭ 512 ቁጥር ነው። 1,024 አቶም ቢኖረው ዲክሽነሪው 524,288 ቁጥር፣ ማለትም 2 ሜጋባይት ይሆናል፤ የሥልጠና ቁራጭ ፍላጎቱም አብሮ ያድጋል። መፍትሄው ዲክሽነሪውን በአቅጣጫ መነጣጠል ነው፦ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ 8 በ16 የሆነ አንድ ትንሽ ዲክሽነሪ። ሦስቱ በድምሩ 384 ቁጥር ብቻ ሆነው 4,096 ጥምር አቶም ይሰጣሉ። መለያ ቁጥሩ 12 ቢት ይሆናል፣ እሱን አስቡበት። ሰያፍ ጠርዝና በቪዲዮ ውስጥ ወደ ጎን የሚሄድ ነገር በእንዲህ ዓይነት ጥምር በደንብ ስለማይገለጽ ብዙ ኮፊሸንት ይጠይቃል። ለስፔክትራል ዳታ መነጣጠሉ ተመራጭ ነው፤ እንቅስቃሴ ለበዛበት ቪዲዮ ግን ሁለቱንም ሳትለኩ አትወስኑ።

ቁራጩ የግድ እኩል ጎን ያለው ኪዩብ መሆን የለበትም። ጎረቤት ቁጥሮች በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሚመሳሰሉ ለኩ፤ ባንዶቹ በጣም ከተመሳሰሉ 4 በ4 በ32 ያው 512 ቁጥር ነው፣ ውጤቱ ግን ይሻላል። የባንዶቹ ቁጥሮች መጠን የተለያየ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ባንድ ስህተቱን ብቻውን ይወስነዋል፤ እያንዳንዱን በራሱ የጫጫታ መጠን አካፍሉ።

ምልክት፦ ለስላሳው ቦታ ያምራል፣ ዝርዝር ያለበት ይደበዝዛል

የአቶም ብዛት ለሁሉም ቁራጭ እኩል ስለተወሰነ ነው። ኦኤምፒ በብዛት ሳይሆን በስህተት መጠን እንዲቆም አድርጉ። 40 ዴሲቤል ፒኤስኤንአር (የምስል ጥራት መለኪያ) ከተፈለገ በባለ 8 ቢት ምስል አማካይ የስህተት ካሬው 6.5 ነው፤ በ64 ሲባዛ 416። ስለዚህ የቀሪው፣ ማለትም ከቁራጩ ገና ያልተወከለው ልዩነት፣ ርዝመት ከ20.4 በታች ሲወርድ ይቁም። ጠፍጣፋው ቁራጭ ያለ አንዳች አቶም በአማካዩ ብቻ ያልፋል፤ የተረፈው ቢት ለጠርዞቹ ይውላል።

ምልክት፦ ከማጠጋጋት በፊት ጥራቱ ልክ ነበር፣ ከተፈታ በኋላ ወረደ

አቶሞቹ እርስ በርስ ቀጤ ነክ (ኦርቶጎናል) ስላልሆኑ የአንዱ ኮፊሸንት የማጠጋጋት ስህተት ከሌላው ጋር ሊደመር ይችላል። ማጠጋጋቱን መጨረሻ ላይ አታድርጉት፤ አቶም በተመረጠ ቁጥር ኮፊሸንቱን አጠጋጉና ቀሪውን በተጠጋጋው ቁጥር አስሉ። ቀጣዩ አቶም የቀደመውን ስህተት ያርማል።

በቁራጮች መገናኛ ላይ መስመር ከታየ ቁራጮቹን ለማደራረብ አትቸኩሉ፤ በየአቅጣጫው በግማሽ መደራረብ በሁለት አቅጣጫ ዳታውን 4 እጥፍ፣ በሦስት 8 እጥፍ ያበዛዋል። ከፈቱት በኋላ መገናኛውን ብቻ በቀላል ማጣሪያ ማለስለስ አንዲት ተጨማሪ ቢት አይጠይቅም።