እቁብ ልትጀምሩ ነው? ከመጨረሻው ሰው ተነሱ

ደሞዝ በገባ በሳምንቱ ኪሱ ባዶ የሚሆን ሰው ሁሉ አንድ ቀን «እቁብ ብገባ ይሻለኛል» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ባንክ ያለን ብር በስልክ አውጥቶ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እቁብ ግን እሁድ ሲደርስ የሚጠብቁ ሰዎች ስላሉበት እንደ ምንም ብለን እንጥላለን። ወለድ የለውም። ቤት ወይም መኪና አስይዙ አይልም። እኔ በእቁብ በጣም አምናለሁ፤ ስንት ሱቅ የተከፈተው፣ ስንት ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ስንት ልጅ የተማረው በእሱ ነው። ለዚህም ነው ሲፈርስ የሚያናድደኝ። የሚፈርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን፣ ሲጀመር መነጋገር የነበረባቸውን ነገር «እኛ እኮ እንተዋወቃለን» ብለው ስለዘለሉት ነው።

በሥራ ቦታ፣ በሰፈር ወይም በዘመድ መሃል እቁብ ለማቋቋም ካሰባችሁ መጀመሪያ ሒሳቡን ወረቀት ላይ አስቀምጡት። 20 ሰው በየሳምንቱ 2,000 ብር ይጥላል እንበል። እጣው 40,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ሰው 2,000 ጥሎ 40,000 ይዞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በ19 ሳምንት የሚከፍለው 38,000 ብር ዕዳ አለበት። የመጨረሻው ሰው ደግሞ አምስት ሳንቲም ሳያገኝ 38,000 ብር ከጣለ በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። ማለትም አንዱ ተበዳሪ ነው፣ አንዱ አበዳሪ። ሁላችንም እቁብ ስንገባ የምናስበው ቶሎ ስለሚደርሰው ሰው ነው። ደንብ ስታወጡ ግን የመጨረሻው ሰው ሆናችሁ አውጡ። «ሁሉም በልቶ እኔ ብቻ ብቀር ምን ይዤ ነው የምተኛው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌላችሁ እጣ አታውጡ።

ሰው ስትመርጡ ጥሩ ጠባይ ብቻውን አይበቃም። ገንዘብ የሚገባለት መቼ ነው? የወር ደሞዝተኛን ከመርካቶ ነጋዴ ጋር በሳምንት እቁብ ስታስገቡት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በደንብ ይጥላል፣ ሦስተኛው ላይ መበደር ይጀምራል። ለደሞዝተኛ የወር እቁብ፣ ለነጋዴ የሳምንት፣ ለባለታክሲና ለባለ ጉልት የቀን እቁብ ይሻላል። ሌላው ጥያቄ ቤቱን ወይም ሱቁን ከአባላቱ ውስጥ ስንት ሰው ያውቀዋል የሚለው ነው። ስልኩን ብቻ የምታውቁት ሰው ሲም ካርድ በቀየረ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

መጠኑን ደግሞ በደህናው ወር አትለኩት። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተር አለ፤ ፋሲካ ላይ በግና ዶሮ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የተጀመረ የ20 ሳምንት እቁብ የካቲት ላይ ያልቃል፤ መስከረምንም ፋሲካንም ሳይነካ ያልፋል። 2,000 የሚከብደው ሰው ካለ ከሌላ ጋር ሆኖ አንድ እጣ ይጋራ፤ ግማሽ ግማሽ መጣል ነውር የለበትም።

ረጅም እቁብ አልወድም። ከዓመት በላይ የሚሄድ ከሆነ የመጨረሻው ሰው የሚያገኘው ብር ቁጥሩ ያው ቢሆንም የሚገዛው ነገር ያንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ፍሪጅ ወይም ስልክ ለመግዛት እቁብ የገባ ሰው፣ እጣው ሰኔ ላይ ከደረሰውና መስከረም ላይ ከደረሰው የቱ እንደተጎዳ ማንም ያውቃል። ከአምስት ወይም ከስድስት ወር ባይዘል ጥሩ ነው። ሁለተኛ ዙር ካላችሁ ደግሞ ባለፈው ዙር መጨረሻ የደረሳቸው ሦስት አራት ሰዎች መጀመሪያ ይውሰዱ። ፍትሐዊ ነው፣ ሰውም ተስፋ ቆርጦ አይወጣም።

ዳኛ ምረጡ። ዳኛ ማለት የሚከበር ብቻ ሳይሆን ደውሎ «የዛሬው አልደረሰም» ለማለት የማያፍር ሰው ነው። በብዙ ቦታ የመጀመሪያው እጣ የዳኛው ነው፤ ለድካሙ። ጥሩ ልማድ ነው፣ ግን ከእጣው ላይ ሌላ የሚቆረጥ ነገር ካለ ከመጀመሪያው ይነገር። መዝገብ የሚይዘውና ገንዘብ የሚቀበለው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። ደግሞ ገንዘቡ ማንም ቤት አይደር። በተሰበሰበበት ቀን ለባለ እጣው ይሰጥ፤ ባለ እጣውም ቆጥሮ መዝገቡ ላይ ይፈርም።

አወጣጡ ላይ አትቸኩሉ። ወረቀቶቹ እኩል ተቀድደው፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከመጠቅለሉ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ ሁሉም የራሱን ስም ይስማ። ከዚያ እኩል ተጠቅልለው ኮፍያ ወይም ጣሳ ውስጥ ይገቡና በደንብ ይናወጡ። የሚያወጣው ከአባላቱ ያልሆነ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ብዙ ቤት ውጭ የሚጫወት ሕፃን ጠርተው ነው የሚያስወጡት። የወጣው ወረቀት ለሁሉም ይታይ፣ መዝገቡ ላይ ከቀኑ ጋር ይለጠፍ። በቴሌግራም ግሩፕ የምታወጡ ከሆነ ከስሞቹ ንባብ እስከ እጣው መውጣት ሳይቋረጥ በቪዲዮ ይቀረጽ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን «ዘመዱ ስለሆነ ነው የወጣለት» የሚለው ሹክሹክታ አንዴ ከገባ እቁቡን ሳምንት አያሳድረውም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዋስ። የበላ ሰው ቀሪውን እንዲከፍል የሚያደርገው ይሄ ነው። ሁለት ጓደኛሞች «እኔ ላንተ፣ አንተ ለኔ» ቢባባሉ ዋስ የለም ማለት ነው፤ ሁለቱም ከበሉ በኋላ ማንን ትይዛላችሁ? ዋስ ገና እጣው ያልደረሰው አባል ይሁን። ሰውየው ካልከፈለ ከዋሱ እጣ ላይ ይቀነሳል። ያልበሉት ሰዎች እያነሱ ሲሄዱ ደግሞ ከውጭ ደሞዝተኛ ወይም ቋሚ ሱቅ ያለው ሰው ይምጣ። ነጋዴዎች ቼክ ያስይዛሉ፤ እሱም አንድ መንገድ ነው።

«ቃሌ ዋሴ ነው» አይበቃም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት ይላል። ጽሑፉን ተዋዋዮቹ ይፈርሙበታል፣ ሁለት ምስክሮችም ያረጋግጡታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንቀጽ 1922 ላይ ያለው ነው፦ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ካልተጻፈ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ዋስ ነኝ» ብሎ መፈረም ዝም ብሎ ወረቀት ማበላሸት ነው። «እገሌ በዛሬው ቀን ለወሰደው የእቁብ ገንዘብ፣ ያልከፈለውን እስከ 38,000 ብር ድረስ ልከፍል ዋስ ሆኛለሁ» ተብሎ በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። ወረቀቱ ሳይፈረም እጣው አይሰጥ። ለወንድማችሁም ቢሆን። ለወንድማችሁማ ይበልጥ፣ ምክንያቱም በኋላ እናታችሁ ፊት ከመካሰስ አሁን መፈራረም ይሻላል።

የዘገየ ሰው ምን ይሆናል? ይሄም ይጻፍ። በቀኑ ያልጣለ ይህን ያህል ቅጣት፣ በሳምንቱ ካልመጣ ዋሱ ይጠራል። ዳኛው ግን ለብቻው ይደውልለት። ግሩፕ ላይ ስሙን ለጥፎ ማዋረድ ገንዘቡን አያመጣም፤ ሰውየው ስልኩን አጥፍቶ ይቀመጣል። የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው ሲኖር ተራ መለዋወጥ ይፈቀድ፣ ያለ ክፍያ። እጣ መሸጥ የሚባለውን ግን እኔ አልደግፈውም። የደረሰው ሰው ተራውን ለቸኮለው ሲሸጥለት የሚገዛው ሁልጊዜ የጨነቀው ነው፤ ሆስፒታል ሰው የተኛበት፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት። እንፈቅዳለን ካላችሁ ቢያንስ ዋጋው ከዚህ አይበልጥም ብላችሁ ወስኑ።

በቴሌብር ወይም በባንክ የምትጥሉ ከሆነ ስክሪንሹት ማስረጃ አይደለም፤ በቀላሉ ይቀየራል። ገንዘብ ተቀባዩ የራሱ ስልክ ላይ መግባቱን አይቶ መዝገብ ላይ ምልክት ያድርግ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዲሲ አካባቢም ሆነ ዱባይ እቁቡ ያው ነው፣ ግን ሰው ድንገት ከተማ ይቀይራል፣ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ወደ አገር ይላካል። ስለዚህ ዋሱ እዚያው ከተማ የሚኖር ይሁን። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሁለት ወር የቀራት እህት ደግሞ የስድስት ወር እቁብ ከምትጀምር ትቆይ፣ ለእሷም ለሌሎቹም ይሻላል።

እቁብ ነን የሚሉ ነገር ግን እቁብ ያልሆኑ አሉ። መለያው ቀላል ነው፦ በእቁብ የጣላችሁትን ያህል ነው የምታገኙት፣ ትርፍ የሚባል ነገር የለም። «5,000 ጣሉ፣ በወሩ 15,000 ትወስዳላችሁ፣ ሰው ካመጣችሁ ደግሞ ይጨመራል» የሚላችሁ ካለ የሚከፍላችሁ ከእናንተ በኋላ ከሚገቡት ገንዘብ ነው። የሚገባ ሰው ሲያልቅ ገንዘቡም ያልቃል። ከመጋበዣው ግሩፕ ውጡ፣ እናታችሁንም አስወጧት።

እጣው ሲደርሳችሁ ብሩ ከናንተ ጋር አንድ ሳምንት እንኳ ሥራ ፈቶ እንዳይቀመጥ ምን እንደምትገዙበት አስቀድማችሁ ለአንድ ሰው ተናገሩ። የስፌት መኪና ከሆነ ሱቁን አስቀድማችሁ አይታችሁ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ ጠብቁ። በዙሩ መጨረሻ ቀን ደግሞ ሁሉም ይገኝ፣ የበሉትም ጭምር። የመጨረሻው እጣ በፊታቸው ይቆጠር፣ መዝገቡ ይዘጋ፣ የዋስትና ወረቀቶቹና ቼኮቹ ለየባለቤቶቻቸው ይመለሱ። ስለ ሁለተኛው ዙር የምታወሩት ከዚያ በኋላ ነው።